ከደሴ ላሊበላ በእግር፦ የት ይታደራል?

ኅዳር ሲጋመስና ጾመ ነቢያት ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። «ለገና ላሊበላን በእግር ልሳለም አስቤአለሁ፤ ከደሴ ስንት ቀን ይፈጃል?» ጠያቂው የዓመት ፈቃዱን የሚቆጥር ሠራተኛ ነው፤ አለበለዚያ ሱቁን ለወንድሙ አደራ ብሎ የሚወጣ ነጋዴ፣ ወይም ስለት ያለባት እናት። ቀን መቁጠራቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ ስንት ሆናችሁ ነው? ሴቶች አሉ? ጾሙን እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትይዙት? ሌሊት ተነስታችሁ መሄድ ትችላላችሁ? ይህ ሳይታወቅ የሚነገር የቀን ቁጥር ግምት እንኳ አይባልም።

ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልጠየቀኝም፤ መልሱን ሠርቶ ላከልኝ። ከዓመታት በፊት ስፔን ውስጥ የቅዱስ ያዕቆብን መንገድ፣ ካሚኖ የሚሉትን፣ በእግሩ ሄዷል። ከፈረንሳይ በኩል ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነስቶ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚያደርሰው ያ መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየመንደሩ አልቤርጌ የሚባል የተሳላሚ ማደሪያ አለ፤ ተደራራቢ አልጋ፣ ሻወር፣ ልብስ ማስጫ ገመድ። ተጓዡ የተሳላሚ ደብተሩን ያሳያል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ያድራል፣ ጠዋት ለቅቆ ይወጣል። የሕዝብ የሆኑት አልቤርጌዎች አስቀድሞ ማስያዝን አይቀበሉም፤ አልጋው ለቀደመ ነው። እዚያ ያለ ሰው የሚጨነቀው አልጋ ሳያልቅ ለመድረስ ነው። መንገዱን ግን እንደ አቅሙ ሃያም ሃያ አምስትም ኪሎ ሜትር እያለ ቢቆርጠው፣ ከቆረጠበት ብዙም ሳይርቅ ቤት አያጣም።

በዚያው ልማድ የአክስቴ ልጅ ከደሴ እስከ ላሊበላ ያለውን በስልክ ካርታ ለክቶ፣ በየሃያ አምስት ኪሎ ሜትሩ ቆራርጦ ሠንጠረዥ ሠራ። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ቀለም ሳይቀር ተቀብቷል። ከማደሪያዎቹ አንዱ የወደቀው ከወልድያ ወዲያ፣ ከድልብ በላይ ዳገቱ መሃል ላይ ነው። እዚያ የሚያድር ዝንጀሮ ነው።

በወሎ መንገድ ኪሎ ሜትሩ የሚሰፈረው ከማደሪያው ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ዛሬ ማታ በማን ደጅ እንደምትቆም ታስባለህ፤ ከዚያ ከብት ሳይገባ እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት መነሳት እንዳለብህ፤ ከዚያ የት ላይ ውሃ እንደምትሞላ፤ ኪሎ ሜትሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከመሸ በኋላ የሰው አጥር ላይ የሚቆም መንገደኛ፣ ቢፈቀድለት እንኳ፣ ቤተሰቡን አስደንግጦ ነው የሚገባው። በተለይ በእነዚህ ዓመታት። ከ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ ይህ መንገድ ያየውን አይቷል፤ በጨለማ የሚመጣ እግር ሁሉ ደግ እግር እንዳልሆነ ሕዝቡ በልጆቹ ተምሯል። ስለዚህ ዛሬ ቀድሞ መድረስ ከጨዋነትም በላይ ነው። መታወቂያ መያዝ፣ ከአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማጻፍ፣ በየደረሱበት ቀበሌ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የዕቅዱ አካል ነው። ከሚቀጥለው ከተማ ሰው ጋር በስልክ ሳይነጋገሩ አለመነሳት ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አይወጣም፤ ስለቱም ቢሆን ይጠብቃል።

ርቀት ስለመጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። የአገር ሰውን «ስንት ኪሎ ሜትር ይቀራል?» ማለት ዋጋ የለውም። «ቅርብ ነው፣ ከዚያ ማዶ» ይልሃል፤ ማዶው ሁለት ሸለቆ ያለፈ ሊሆን ይችላል። እሱ አልዋሸም፤ በእሱ እግር ቅርብ ነው። ያኔ ጥያቄውን መቀየር ነው፦ «አሁን ብነሳ ከብት ሲገባ እደርሳለሁ?» የሚጠየቀው ሰው መጀመሪያ እግርህን ያያል፣ ከዚያ የያዝከውን ሻንጣ፣ ከዚያ ፀሐይዋን። «አንተማ አትደርስም፤ ከዚያ ወንዝ ወዲህ እደር» ካለህ ክርክር አያስፈልግም። ከእሱ የተሻለ ካርታ የለም።

ከደሴ እስከ ወልድያ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ለጀማሪ ደግ ነው። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፦ እያንዳንዱ ካለፈው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተቀምጧል፤ ከተሞቹ ጭነት በሌለው እግረኛ የቀን ጉዞ ልክ የተዘረጉ ይመስላሉ። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ መሳት የለም። መጥፎነቱም ያው አስፋልትነቱ ነው፤ የጭነት መኪናው አያርፍም፣ ቀትር ላይ እግርን ከታች ይጠብሳል። ከዳር ያለውን የእግር መንገድ መፈለግ ይሻላል፤ ባላገሩ ቆርጦ የሚወጣበት መንገድ ሁልጊዜ አለ፣ ተከትሎ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቁልቁለት ነው። ደሴን ለቅቆ፣ አፄ ዮሐንስ በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ የሰበሰቡበትን ቦሩ ሜዳን አልፎ፣ ወደ ሐይቅ ይወረዳል። ቁልቁለት ቀላል የሚመስለው ሰው ማታ ጉልበቱን ሲያጥፍ ይነግረኛል። ሐይቅ ላይ ማደር ግን ለዚህ ጉዞ እንደ ተሠራ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ግን በየብስ የሚገባበት ገዳም ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ። ከዋናው መንገድ ገባ ስለሚል የሚጨመረውን እግር ማሰብ ያስፈልጋል። ወንዶች እዚያ ቢያድሩ መነኮሳቱ ያላቸውን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ለጸሎት የሚቀሰቅስህ ደወል ስላለ ስልክህን ማንቂያ መሙላት አይጠበቅብህም። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ዕቅዳቸው እዚህ ላይ ይከፈላል። ከተማው ውስጥ በቂ ማረፊያ አለ፤ እህቶችን ከተማ አስቀምጦ ገዳም ከመግባት ግን ሁሉም ከተማ ቢያድር፣ ወንዶቹ በጠዋት ሄደው ቢሳለሙ ይሻላል እላለሁ። ቡድን በመጀመሪያው ሌሊት ከተለያየ በሁለተኛው ቀን መነሻ ሰዓት ላይ መጣላት ይጀምራል። ሐይቅ ዳር የሚጠበሰው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራኑ ትቻለሁ፤ ሽታው ግን ፈተና መሆኑን አልክድም።

ውጫሌን ቶሎ ልለፈው። የአምባሰል ተራሮች ከጎን አብረው ይሄዳሉ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ በዚህ በኩል ነው፣ ታሪክ የሚወድ ግማሽ ቀን ይጨምር። ማደሪያ ከተማው ውስጥ አለ።

ከውጫሌ ወደ መርሳ ያለው ግን ልብ ይፈልጋል፤ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። ደሴ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሳ ሰው መርሳ ሲደርስ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮታል። ጾሙም ራሱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከምግብ ብቻ አይደለም የሚከለከለው፣ ውሃም አይቀምስም። ይህን ሳያስብ ቀኑን ያቀደ ሰው ቀትር ላይ መንገድ ዳር ይቀመጣል። ለዚህ ነው ከካርታ በፊት ከንስሐ አባት ጋር ተማከሩ የምለው። መንገደኛውን፣ በሽተኛውን፣ እርጉዟን እንደየአቅሙ የሚያዩ አባቶች ናቸው፤ አንዱን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ያዝ ይሉታል፣ ሌላውን ውሃ ጠጣ ይሉታል። ከዚያ የቀኑ መንገድ በዚያ ልክ ይሰፈራል። እስከ ዘጠኝ የሚጾም ሰው የሚያዋጣው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ረፋድ አራት አምስት ሰዓት ድረስ ሄዶ፣ ጥላ ፈልጎ መጋደም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሶውን በጥብጦ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ የቀረችውን ጥቂት መንገድ በቀዝቃዛው ጀምበር ይጨርሳል። ቀድሞ ሩጦ የማይጾመው ቢያልፈው አይቆጨው፤ ማታ እዚያው ነው የሚገናኙት።

የመርሳ አካባቢ ሰው በብዛት ሙስሊም ነው፤ የሚያሳድርህም እንደዚያው። ለአንዳንድ የከተማ ሰው ይህ ጥያቄ ይሆንበታል፤ «ገብተን ብንበላ...» ይላል። በዚህ ጾም የሥጋው ጥያቄ ጭራሽ አይነሳም፤ ያለው ሽሮ፣ ያለው ቆሎ፣ ያለው ቡና ነው። አንድ ጊዜ ከመንገዱ ገባ ካለች መንደር አንድ አዛውንት በራቸው ላይ ቆመው አዩን።

«ከወዴት ናችሁ?»

«ከደሴ ነን አባባ፤ ለላሊበላ።»

«እንግዲያማ ግቡ። ቤት የአላህ ነው። ጾም ናችሁ ወይስ ፈታችኋል?»

ፈተናል አልናቸው። ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ ቡናው ተቆላ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካው ላይ ዱዓ አደረጉልን፤ ተሳላሚ የላሊበላ መንገድ ሲይዝ እናታቸውም እንዲሁ ያሳድሩ እንደነበር ነገሩን። ጠዋት ስንወጣ ሚስታቸው የሻማ መግዣ ብለው ብር በመሐረብ ቋጥረው ሰጡን። በዳና ወይም በጀማ ንጉሥ መውሊድ ሲሆን ደግሞ የክርስቲያን ጎረቤት ቡናና ሌላም ነገር እንደሚልክ ወሎ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእነሱ ብርቅ አልነበረም፣ እኛም ብርቅ አላደረግነውም።

ስለ እንግዳ ተቀባይነት ሲወራ የሚዘነጋ ነገር ይታየኛል። «ግቡ» የሚለው አባወራው ነው። ውሃውን ከወንዝ የምትቀዳው ልጂቱ ናት፤ እንጀራ የሚጨምሩት እናትየው ናቸው፤ መደቡን ለቅቀው መሬት የሚተኙት ልጆቹ ናቸው። እግር ለማጠብ የሚቀርበው ውሃ በሰው ጀርባ ወጥቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ባዶ ጀሪካን ፈልጎ ወደ ውሃው መውረድ ነው። ይከለክላሉ፤ አንዴ ይከለክላሉ፣ ሁለተኛ ይከለክላሉ፣ በሦስተኛው ልጃቸው መንገድ ታሳያለች። አምስት ስድስት ሆነው የሚሄዱ ሰዎችም በአንድ ቤት መከመር የለባቸውም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ በጎረቤት መከፋፈል ነው። እንግዳ በብዛት ከገባ ቤቱ በዚያች ማታ የሳምንት ዱቄት ያወጣል፣ በልመናም ቢሆን ያወጣል እንጂ «አልቋል» አይልም። አልቋል የማይል ሰው ቤት ሲገባ መጠኑን የሚያውቀው እንግዳው መሆን አለበት።

ገንዘብ ለአሳዳሪ በእጅ ለመስጠት መሞከር ብዙ ጊዜ ያስቀይማል። ከከተማ ሲነሱ ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት በትንሽ በትንሹ አሥሮ መያዝ ነው፤ በየማደሪያው አንድ አንድ እሽግ ለእናትየው ይሰጣል። ተማሪ ልጅ ካለ ደብተር። ክብደቱ በየቀኑ ስለሚቀንስ ለተሸካሚውም ጥሩ ነው።

አጠያየቁም ሥርዓት አለው። አጥሩን አልፎ አይገባም፤ ውሻ አለ፣ ውሻው ባይኖርም ነውር ነው። ከውጭ ሆኖ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» ይባላል። ቀድሞ የሚናገረው በዕድሜ የገፋው ወይም ከመካከላችሁ ያለችው ሴት ብትሆን ይመረጣል። «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ትላለህ፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ከተባለ ተፈቅዷል። አባወራው ከሌለና እመቤቲቱ ካመነቱ ሳያስጨንቁ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም የአብነት ተማሪዎች ጎጆ ባለበት ደግሞ ቀድሞ እዚያ መሄድ ይሻላል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለምነው አዳሪ ስለሆኑ የመንገደኛን ነገር ያውቃሉ። ከእነሱ ጋር ስትሆን ግን ስንቁን አውጥተህ የምታካፍለው አንተ ነህ።

ወልድያ ትልቅ ከተማ ናት፤ ሆቴል አለ፣ ሆስፒታል አለ። እዚህ አንድ ሙሉ ቀን ማረፍን ዕቅድ ውስጥ ካሁኑ አስገቡ። ውሃ የቋጠረ እግር የሚታከመው፣ የላላ ጫማ የሚሰፋው፣ በሶ የሚጨመረው፣ ስልክ የሚሞላው እዚህ ነው። ለጉዞው አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ካለ በርባሶ ገዝቶ እግሩን የሚያሳርፈውም እዚህ ነው። ማረፊያ ቀንን ብዙ ሰው እንደ ስንፍና ያያል፤ እኔ ያየሁት ግን በመንገድ ላይ የቀሩት በአብዛኛው ወልድያን ሳያርፉ አልፈው ዳገቱን የጀመሩ ናቸው።

ከወልድያ በሳንቃ በኩል ድልብ ይደረሳል፣ ከዚያ ወደ ደጋው ይወጣል። እስካሁን በሠላሳ ኪሎ ሜትር የለመደ እግር እዚህ ላይ ልኩን ይቀይራል። ወልድያ 2,000 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደጋው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ሙሉ ቀን ሄዷል። ከድልብ በኋላ ምርጫ አለ። አንዱ በዋናው የመኪና መንገድ ጋሸና ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ወደ ላሊበላ መታጠፍ ነው። ሁለተኛው በኩልመስክ በኩል ቆርጦ መሄድ ነው። ለመኪና የመጀመሪያው ይመቻል። ለእግረኛ የኩልመስኩ ያጥራል፤ ይኩኖ አምላክ እንዳሠሯት የምትነገረውን ገነተ ማርያምንም መሳለም ይቻላል። እኔ የኩልመስኩን እመርጣለሁ፤ መኪናውም አይበዛበትም። ሆኖም በዚህኛው ላይ መንደሩ ስለሚራራቅ «እስቲ ትንሽ ልግፋ» የሚባል ነገር የለም። ስምንት ሰዓትም ቢሆን፣ ደህና መንደር ካጋጠመህና የሚቀጥለው ሩቅ ነው ከተባልክ፣ ጉዞው እዚያው አበቃ። የቀረውን ሰዓት አውድማ ላይ አገዳ በማቀበል ማሳለፍ ይቻላል፤ ታኅሣሥ ውቂያ ነው፣ ሥራ አይጠፋም።

ብርዱ ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ማገዶ የለም፤ የሚነደው ኩበት ነው። ቤቱ ውስጥ ከብቱም አብሮ ያድራል፤ የከተማ ሰው መጀመሪያ አፍንጫውን ይይዛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ወደ ከብቱ ጠጋ ይላል። ለማደሪያ ቁርበት ይዘረጋልሃል። ከቤት ይዘህ መውጣት ያለብህ ወፍራም ጋቢ ወይም ቡልኮ፣ ሁለት ካልሲ፣ የራስ ሹራብ ነው፤ የመኝታ ከረጢት ያለው ይያዝ፣ የሌለው አይግዛ። ቁንጫ አለ። መድኃኒት ረጭቶ የሰው ቤት ውስጥ መተኛት ግን ባለቤቱን መስደብ ስለሆነ፣ ቻል ማድረግ ነው። ውሃን በተመለከተ ከወንዝ የተቀዳውን፣ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሮ መጠጣት፤ ሆዱ የተበላሸ ሰው ከድልብ በላይ የሚታከምበት ቦታ በቅርብ አያገኝም።

ይህ ሁሉ የታኅሣሥ ነገር ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያምን በእግር የሚሄድ ሰው በዚሁ ዕቅድ ቢነሳ ይቸገራል። ግሸን ደብረ ከርቤ አምባሰል ውስጥ ያለ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ነው፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ተብሎ ይታመናል። ከደሴ ለሚነሳ ርቀቱ ከላሊበላ በጣም ያንሳል። ወቅቱ ግን ሌላ ነው፤ ጭቃው አልደረቀም፣ ወንዙ አልጎደለም፣ ከሁሉ በላይ ጎተራው ባዶ ነው። መስከረም አበባው ሲፈካ ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ያለ ሐሳብ ሦስት እንጀራ የሚያወጡልህ እናት በመስከረም ያችኑ ሦስት እንጀራ ሲያወጡ ከልጆቻቸው ቀንሰው ነው። ያኔ ስንቅን ሙሉ ይዞ መሄድ፣ ማደሪያ ብቻ መለመን ነው። በዓል የሚሰላው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ ስንቅ ግን በጎተራ ይሰላል።

ላሊበላ የመድረሻ ቀንን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሰው ታኅሣሥ 28 ማታ ገብቶ በቀጥታ ማኅሌት መቆም ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ መንገድ የሄደ እግር ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ምን እንደሚሆን አያስብም። ታኅሣሥ 26 መድረስ ይገባል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ደግሞ አንድ ቀን ይቀደማል፤ 2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ 2020ም እንዲያ ይሆናል። ቀድሞ የደረሰ ሰው አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሳይጋፋ ይሳለማል፤ በበዓሉ ዋዜማ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚወርደው መተላለፊያ ሰው ሞልቶበት አይንቀሳቀስም።

ማደሪያው እዚህ እንደ መንገዱ አይደለም። ሆቴል የሚፈልግ ከወራት በፊት መያዝ አለበት፤ በበዓል ሰሞን ዋጋው ለእግረኛ የሚሆን አይደለም፣ እግረኛውም በአብዛኛው አይፈልገውም። የሚታደረው በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በሜዳው ላይ፣ በዛፍ ሥር፣ ላስቲክ ወጥሮ፣ አገር ከአገር ተሰባስቦ ነው። ከራያ የመጣው እዚህ፣ ከጎጃም የመጣው እዚያ። ቦታ የሚያዘው ቀን ነው፤ ከታች ሣር ወይም ገለባ ይነጠፋል፣ ሽማግሌዎች መሃል፣ ጎረምሶች ዳር። የከተማው ሰው የተሳላሚ እግር በሞቀ ውሃ ያጥባል፤ በየሰፈሩ ዳቦና ጠላ፣ ንፍሮም ይወጣል። የታጠበ እግር ወዲያው ጫማ ውስጥ አይከተትም፤ ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል፤ ይህን ያጠቡኝ እናት ራሳቸው ተቆጥተው ነው የነገሩኝ።

«ቤዛ ኩሉ» የተባለው የገና ዝማሬ የሚዘመረው በቤተ ማርያም ነው፤ ካህናቱ ከፊሎቹ በዓለቱ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ቆመው፣ ከፊሎቹ ከታች ቅጥሩ ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ። ለማየት ከላይ ቦታ መያዝ የሚፈልግ ቅዳሴው ሳያልቅ መሄድ ይኖርበታል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም፤ እኔ ቅዳሴውን እመርጣለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን ነው የሚመርጥ።

መመለሻው ቀላል ነው ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ያለው ግፊያ ከመንገዱ ሁሉ ይብሳል፤ ሚኒባሱ ዋጋ ይጨምራል፣ ቦታም የለም። አንድ ቀን አሳድሮ በ30 ወይም ጥር 1 ጠዋት መውጣት ነው። ያደሩባቸውን ቤቶች ማመስገን የሚፈልግም መኪናው ወልድያ ሲደርስ ወርዶ፣ መርሳ ድረስ በሌላ መኪና፣ ከዚያ ወደ መንደሪቱ በእግር መግባት ይችላል። የቡና እሽግ ካለቀበት መርሳ ገበያ ይገኛል፤ እግረ መንገዱንም ብርቱካን ይግዛ፣ ርካሽ ነው።